በባሕር ላይ ላለ ሰው አይለቀስም

ባሕርን አይቼ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ግን ድምፁን የሰማሁት ይመስለኝ ነበር፤ አያ ፈንታ ሲያወራልን።

አያ ፈንታ በአይከል ከተማ ገበያ ዳር፣ በልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ በከሰል ካውያ ልብስ የሚተኩስ ሽማግሌ ነበር። በወጣትነቱ ምፅዋ ላይ ባሕረኛ ሆኖ ብዙ ጊዜ በመርከብ ኖሯል፤ መተኮስም የተማረው እዚያ ነው። ሲመሽና መብራት ሲጠፋ ካውያውን ከፍቶ ፍሙን ቆርቆሮ ላይ ይዘረግፈውና እኛ የሰፈሩ ልጆች እንከበዋለን። እኔ ዓይነ አፋር ስለነበርኩ ከታላቅ ወንድሜ ከይበልጣል ጀርባ ተሸጉጬ፣ የፍሙን ቅላት በትከሻው ላይ አሻግሬ እያየሁ ነበር የምሰማው።

ያኔ የሚነግረን ሁሉ ስለ ባሕር ነበር። ሰው መጀመሪያ ባሕርን በጣም ይፈራው ነበር፤ ዳር ዳሩን ጨው ለቅሞ፣ ጀርባውን ሳይሰጠው የኋሊት እየተራመደ ይመለስ ነበር አለን። ቆይቶ ግንድ ቦርቡሮ ወጣበት፤ ያም ቢሆን አስቀድሞ እህል ይበትንለትና አሳልፈኝ ብሎ ይለምነው ነበር። የብረት መርከብ ከመጣ ወዲህ ግን የሚለምን ጠፋ። ባሕሩ አልረሳም ይላል አያ ፈንታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በጨለማ ከመርከባቸው ሥር ውሃው እያበራ ይከተላቸው፣ ንፋስ በሌለበትም ይተነፍስ ነበር።

ከሁሉ ያስፈራኝ የዓሣ አጥማጆቹ ሚስቶች ነገር ነው። ባሎቻቸው ምንም ያህል ቢዘገዩ አያለቅሱም።

«እንባ ጨው ነው» አለን አንድ ምሽት። «ባሕር የራሱን ያውቃል። እቤቱ የተለቀሰለትን ሰው፣ ይኼንንስ ሰጥተውኛል ይልና ይወስደዋል።»

«ሸጋ ነው አያ ፈንታ» አለ ይበልጣል፣ «ሽንኩርት የምትከትፍ ሴት ባሏን ስንት ጊዜ ልታሰምጠው ነው?»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። አያ ፈንታ ግን አልሳቀም፤ ፍሙን በእንጨት ጫረው እንጂ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ይበልጣል ሰሊጥ አጭጄ እመጣለሁ ብሎ ወደ መተማ ወረደ። በዚያው ድንበር ተሻግሮ ቀረ። አንድ ምሽት ከሊቢያ ደወለና ነገ ባሕር እንሻገራለን አለ። ስልኩ ሲዘጋ እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ እቤት የነበርነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ሰው ፊት ቀና ብዬ የማልናገረው እኔ፣ ነጠላውን ከፊቷ ገፍፌ አያ ፈንታ ያለውን ነገርኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳችና እሳቱን አዳፈነች።

ከዚያ ወዲህ ይበልጣል አልደወለም። አብሮት የሄደ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ግን ጀልባዋ እንደተገለበጠች፣ ይበልጣልንም ውሃው ውስጥ አይቶት ኋላ እንዳጣው ለዘመዶቹ ተናግሮ ኖሯል። ይህን አገር ሲያውቅ እኛ አላወቅንም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ውሻችን ጮኸ። በሩን ስከፍት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጉም ውስጥ ቆመዋል። መርዶ መሆኑን ከአለባበሳቸው አወቅሁ። ከፊት የቆመው አያ ፈንታ ነበር።

እናቴ ከኋላዬ መጣች።

«ሬሳውን ያየ አለ?» አለቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ወደ አያ ፈንታ ዞሩ።

«እንግዲያው በደጄ እንዳታለቅሱ። በባሕር ላይ ላለ ሰው አይለቀስም።»

«እታለም» አለ አያ ፈንታ ቀስ ብሎ፣ «እሱ እኮ ተረት ነው።»

«ለልጆቹ ስትነግር ተረት ነው አላልክም።»

 አያ ፈንታ ነጠላውን አቃንቶ ለበሰና ፊቱን አዞረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ጉሙ ውስጥ ሲገቡ የእግራቸው ኮቴ እንኳ አልተሰማኝም።

በቤታችን እስከ ዛሬ አልተለቀሰም። እንባ ለማን እንደወረደ ባሕሩ በምን ይለያል? ስለዚህ ለሌላም ሰው አናለቅስም። እናቴ በሰው ልቅሶ ቤት ደረቅ ዓይኗን ይዛ ትቀመጣለች፤ ልቧ ደነደነ ይሏታል። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ባሕር እንደማይሰማም ተምሬያለሁ። ነገር ግን መምህሩ የዓለምን ሉል ሲያዞረው፣ ያ ሁሉ ሰማያዊ ወደኛ ያዳመጠ መስሎኝ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

ባለፈው ክረምት አያ ፈንታ ሞተ። ቀብሩ ላይ ሴቶቹ ሙሾ ሲያወርዱ ያ የፍም ቅላት ዓይኔ ላይ ድቅን አለብኝና ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። እናቴ ክንዴን ጨመቀችው። ዝናብ ስለነበረ የሁሉም ፊት ረጥቦ ነበር፤ የኛም።

ስንመለስ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። ጉንጬን በጣቷ ጠረገችና ጣቷን በምላሷ ቀመሰችው።

«ዝናብ ነው» አለች።

እውነቷን ይሁን፣ ለኔ ብላ ይሁን፣ አልጠየቅኳትም።