ረጅም እጅጌ

የቆዳ ሐኪሙ በር ላይ ተራ እንጠብቃለን። ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎን ሁላችንም በካርዳችን እንራገባለን፤ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ግን የሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው ቆልፏል። ብርድ አለበት እንዴ?

ሲጠራ ተነሳና፣ ከላዩ የረገፈውን ነጭ ቅርፊት በመሐረቡ ከወንበሩ ላይ ቶሎ ጠረገ። ነርሷ እዚያው፣ እኛ እየሰማን ትጠይቀው ጀመር።

"ሲጋራ ያጨሳሉ?"

"ትቻለሁ።"

"ጭንቀት?"

"የማይጨነቅ ማን አለ?"

"ከቤተሰብ እንዲህ ቆዳው እየተቀረፈ የሚረግፍ፣ ሶራያሲስ ያለበት ሰው ነበር?"



"እንጃ እህቴ። አባቴ በሐሩር እንኳ ኮቱን አያወልቅም ነበር። እኛ ኩራት ይመስለን ነበር።"

"ልጅ አለዎት?"

"አንዲት ሴት ልጅ።"

"ክንድዎን አይታው ታውቃለች?"

የእጅጌውን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ።

"አባዬ ኩሩ ነው ትላለች።"