የታኘከው ሻሽ

በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ስንማር ደረታችን ደካማ የሆንን ልጆች ክፍላችን ከዋርካ ሥር ነበር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደረታችንን አዳምጦ «እነዚህ ነፋስ ይፈልጋሉ፤ የታፈነ ክፍል ውስጥ አታጉራቸው» ብሎ ለመምህራችን ነገረው። እኔና ታላቅ እህቴም ከወጡት መካከል ነበርን። ጥቁር ሰሌዳው ግንዱን ተደገፈ፤ መቀመጫ የሚሆነንን ድንጋይ ከሐይቁ ዳር ተሸክመን አመጣን።

ጠዋት ባንዲራ ተሰቅሎ መፈክሩ ሲያበቃ፣ ወደ ክፍል የሚገቡት ልጆች እኛን «የሳል ማኅበር» ይሉናል። ያኔ ማኅበር የሌለው ሰው አልነበረም፤ እኛም የራሳችን ደረሰን ብዬ እስቅ ነበር። ደጁን ወድጄው ነበር።

እህቴ ግን አትስቅም። እሷ የምትፈልገው ዴስክ ነበር። መምህራችን «ሳሉ የተወው ልጅ ወደ ክፍል ይመለሳል» ስላለ፣ ዓይኗ ከመስኮቱ አይነቀልም።

«እኔ ከብት ነኝ ደጅ የምውል?» ትለኛለች።

እናታችን ነጭ ሽንኩርት በማር እያላሰች «አብሽሪ አለሜ፣ አላህ ያሽርሻል» ትላታለች።

ከዚያ ሳሏ ተወት አደረጋት፤ እኛ እንደዚያ መሰለን። ድሬሰሩ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ስለነበር፣ መምህራችን ጆሮውን አምኖ አስገባት። እናቴ ከደስታዋ ብዛት ዳቦ ጋግራ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም አደለች።

እኔ ከድንጋዬ ላይ ሆኜ በመስኮቱ አያታለሁ። የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ዴስክ አግኝታ ከደስታዋ የምትስቅ መሰለኝ። ቀናሁባት።

እናቴም አንድ ቀን ሻሹን እያጠበች «ምነው አንቺ ልጅ፣ እንደ ፍየል ጨርቅ መብላት ጀመርሽ?» አለቻት። እህቴ ሳቀች። እናቴ ጫፉን አጥፋ እንደገና ዘመዘመችላት። ብዙም አልቆየ፣ ያም ታኘከ።

ክረምቱ ሲገባ እህቴ ከመደቡ መነሳት አቃታት። ሳሉ እንደ ልቡ ወጣ፤ ከደም ጋር ወጣ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ያን ዳቦ የበሉት ሴቶች ለለቅሶ መጡ። እናቴ በመሀላቸው ተቀምጣ የሻሹን ጫፍ ስትዳብስ ቆየችና «ሳሏን ነው ለካ ስትነክሰው የኖረች» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ሻሹ ስታነሳ ሰምቼ አላውቅም።

በተከታዩ ዓመት እኔ በእውነት ዳንኩ። መምህሬ ደስ ብሎት አስገባኝና እህቴ ከነበረችበት፣ ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጠኝ። ዴስክ ያልነው ሦስት ልጅ የሚተፋፈግበት፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ ጣውላ ነበር። በእህቴ ተናደድኩባት፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። ለዚህ ጣውላ ነው?

«ምነው?» አለኝ መምህሬ ፊቴን አይቶ።

«ጋሼ፣ እኔ ደጅ ልሁን» አልኩት።

«ሂድ» አለኝ።

ወጣሁ። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ይመጣል። የእህቴ ድንጋይ ከድንጋዬ ጎን እንደነበረ ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ ደጅ ስለሆንኩ ማንም ዝም በል አላለኝም።