ከግራጫዋ ጋር የታሰረው ኤርጎ

ሁለት ናቸው! ሁለት ነጭ! ዛሬ ጠዋት በዓይኔ አየሁ፣ በጣቴም ዳሰስኳቸው። ይፈታል፣ ስሙም ይነጻል! እየተጣደፍኩ ስለምጽፍ ፊደሌ ቢዛነፍ አትፍረዱብኝ።

የሚፈታው ጎረቤቴ ኤርጎ ነው፤ እዚህ ጂንካ በእርሻ ጣቢያው የጥንቸሎች ጠባቂ። ሠላሳ ሰባት ቀን ታስሯል። ያውም ብቻውን አይደለም፣ ከአንዲት ግራጫ ጥንቸል ጋር ነው። ቀልድ መስሏችሁ እንዳትስቁ፤ ወይም ሳቁ፣ ዛሬስ እኔም ስቄያለሁ።

ጥንቸሎቹ በ1971 በአውሮፕላን ሲመጡ ሕዝቡ ሥጋቸውን እንዲለምድ ታስቦ ነበር። ማን ይለምዳል! የኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ዘሌዋውያንን ገልጠው “ርኩስ ነው” የሚለውን አነበቡና ነገሩ በዚያው አለቀ። ለማየት ግን ከተማው ሁሉ ይሄድ ነበር። ዓይኑ ፍም የመሰለ አንድ ነጭ ወንድና ሁለት ግራጫ ሴቶች ነበሩ። ነጩን ከግራጫዎቹ ጋር አገናኟቸው፤ የተወለዱት ግን በሙሉ ግራጫ ሆኑ። የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ተፈሪ ተናደደ። “ነጩ ዘር ጠፋ” አለና ግልገሎቹን ለሠራተኞች አደለ። ኤርጎም ከአንዷ እናት ወንድ፣ ከሌላዋ ሴት ወስዶ ጓሮው አረባ። በኋላ ለጣቢያው ነጭ ሴት መጣችና ነጭ ከነጭ ብቻ እንዲራባ በራቸው ተቆለፈ።

ዘንድሮ የኤርጎ ግራጫ ስምንት ወለደች፤ ሁለቱ ነጭ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይላል። እሱ የዋህ! አንድ ወር እንደሞላቸው በቅርጫት ይዟቸው ወደ ጓድ ተፈሪ ሮጠ።

“ጌታዬ፣ ነጩ ተመለሰ!”

“የነጮቹ ቤት ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?” አለው ተፈሪ።

“እኔ ዘንድ።”

“በቃ። የመንግሥትን ነጭ ወንድ ቤትህ እየወሰድክ ግራጫህን ስታስጠቃ ነበር።”

በማግስቱ ቀበሌ ቀረበ። ሊቀመንበሩ ጓድ ደምሰው ነው፤ ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ዛሬም ሰውን ሲያይ ልክ የሚወስድ ይመስላል።

“ግራጫ ከግራጫ ነጭ ይወልዳል?” አለው።

“ይወልዳል ጓድ ሊቀመንበር። የሁለቱም አባት ነጭ ነው። ነጩ አልጠፋም፤ ውስጣቸው ተኝቷል።”

“የት ነው የተኛው? እስቲ ቀስቅሰህ አሳየን!”

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኤርጎ አልሳቀም። “እናንተ እያያችሁ መልሼ ላስወልዳት። ነጭ ካልወጣ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ” አለ።

ግራጫው ወንድና ግራጫዋ ሴት መጡ። የሴቶች ማኅበር ተወካይዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ነገሩ ዓይን ሳይጨፈን አለቀ።

“አለቀ?” አለ ደምሰው።

“አለቀ።”

“ለዚህ ነው ስብሰባ የተጠራው?”

ግን ተፈሪ ተነሣ። “ነገ ነጩን አምጥቶ ቢጨምርባትስ?” እውነትም ቢጨምርባትስ? ደምሰው ትንሽ አሰበና ፈረደ። ጥንቸሏ ትታሰር፤ ኤርጎም አብሯት ይታሰር። ነጭ ካልተወለደ የመንግሥት ንብረት አጉዳይ ተብሎ ወደ አርባ ምንጭ እስር ቤት ይላካል። መዝገቡ ላይ “ኤርጎ፣ ወንድ። ጥንቸል፣ ሴት” ተብሎ ተጻፈ።

የታሰሩት በቀበሌው አሮጌ መጋዘን ነው። መስኮቱ ጭንቅላት አያሳልፍም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አራት እርምጃ ነው፤ ኤርጎ ለእሷ ደረቁን ጥግ ለቆላት ስለነበር ለሱ ሦስት ቀረው። ጠዋት ጠዋት ጥበቃው በሩን ደብድቦ “ስንት ናችሁ?” ይላል። “ሁለት ነን” ይላል ኤርጎ። እኔ ለሱ ምሳ፣ ለሷ የስኳር ድንች ቅጠል ይዤ እሄዳለሁ። ጥበቃዎቹ ነጭ ጥንቸል የደበቅኩ ይመስል ቅጠሉን አንድ በአንድ ይገልጡታል።

በመጀመሪያው ሳምንት ኤርጎ ይቀልድ ነበር። በሁለተኛው የሚስቱ አባት ከገዘር መጥቶ ልጁን ጤናዬን ወሰዳት። “ስሙ ሲነጻ ትመለሳለች፤ የሌባ ሚስት አላሰኛትም” ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ኤርጎ አልቀለደም። አውሮፕላን ሲያርፍ ይሰማል፣ የቅዳሜ ገበያ ሲንጫጫ ይሰማል፤ የሚያየው ግን ያንኑ ጭቃ ግድግዳ ነው። አንድ ቀን በበሩ ስንጥቅ ጠራኝ።

“እትዬ አስካል፣ ያኔ ከስምንት ሁለት ነው የወጣው።”

“እና?”

“አሁን ሦስት ወይም አራት ብቻ ብትወልድስ? ሁሉም ግራጫ ቢሆኑስ? ውስጧ እንዳለ አውቃለሁ። አሁን ይውጣ አይውጣ ግን አላውቅም። እውነቴን ይዤ እኮ ነው አርባ ምንጭ የምወርደው።”

 እንጀራው እንዳይቀዘቅዝ ብላ አልኩት፤ ቀዝቅዞ ነበር።

ሠላሳ አንድ ቀን ሞላ፣ አልወለደችም። ጥበቃዎቹ ያሾፉበት ጀመር። በሠላሳ ሁለተኛው የሆዷን ጸጉር ነቅላ አነጠፈችና ሰባት ወለደች። ደምሰው ራሱ መጥቶ ጎንበስ አለ።

“ሁሉም ቀይ ናቸው! ይኼ ደግሞ የማን ዘር ነው?”

“ሲወለዱ ጸጉር የላቸውም፣ ጓድ ሊቀመንበር። አምስት ቀን ስጡኝ።”

አምስት ቀን! እኔ ራሴ እንቅልፍ አጣሁ። በሦስተኛው ቀን የአምስቱ ቆዳ ጠቆረ። ሁለቱ ቀይ እንደሆኑ ቀሩ። “ነጭ ናቸዋ!” ስለው “ዝም በይ እትዬ፣ ታመው ይሆናል” አለኝ። ተስፋውንም ፈርቶት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጸጉራቸው ብቅ ብሏል። እንደ ጥጥ! ደምሰው ከጓድ ተፈሪ ጋር መጥቶ አንዱን ወደ ብርሃን አወጣው። “ኖራ ቀብተኸው እንዳይሆን” ብሎ ጣቱን በምራቁ አርሶ ሻሸው። ጣቱን አየ። ደግሞ ሻሸው። ግልገሉ ጮኸ። ያን ጊዜ ጣቱን ለተፈሪ ዘረጋለት።

“ጓድ ተፈሪ፣ ይኼ ኖራ አይደለም።”

ተፈሪ ግልገሉን ተቀብሎ አገላበጠው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ “ያኔ ያደልኳቸው ሁሉ ውስጣቸው ነጭ ነበር ማለት ነው?” አለ።

“ሁሉም፣ ጌታዬ” አለው ኤርጎ።

የመፍቻው ወረቀት ከምሳ በኋላ ይፈረማል። በሩ ተከፍቷል፣ ኤርጎ ግን አልወጣም። ደፉ ላይ ቆሞ ውጭውን ያያል፣ ተመልሶ ይገባል። “ጎጆዋ እንዳይነቃነቅ፣ ሳጥን ይምጣላት” ይላል። እግሩ ሦስት እርምጃ ሄዶ ይዞራል፤ ልማድ ሆኖበታል። እኔም አላስቸኮልኩትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። “ዛሬ የገዘር መኪና አለ?”

አለ! ይኸው ጥሩንባውን እየነፋ ነው፤ ገና ሰው እየጫነ ነው። ጤናዬ ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማ አልፈልግም፣ አባቷም ፊት ለፊቴ ቆሞ ይስማ። ነጠላዬ የት ገባ? በቃ፣ እርሳሱን አስቀምጬ ሄድኩ።