የአባቴ ከበሮ በማርሽ

ማርሽ የሚሉት የሰልፍ ሙዚቃ ያስጠላኛል። ይህን የምለው ማርሽ እየመታሁ የምኖር ሰው ሆኜ ነው። ላሊበላ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ፒያኖ እጫወታለሁ። ፒያኖው ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ሲመጣ መንገዱ አንገላቶት ከታች በኩል ሦስት ድምፆቹ ያቃስታሉ። የሆቴሉ ባለቤት ግን ግድ የለውም። የጀርመን ቡድን ሲገባ የጀርመን ማርሽ፣ የፖላንድ ሲገባ የፖላንድ ማርሽ ይፈልጋል፤ እንግዳ የአገሩን ሲሰማ ደስ ይለዋል ባይ ነው።

ኖታዎቹን ያገኘኋቸው አዲስ አበባ ሙዚቃ ስማር ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያን ለሰልፍ ባንድ የተጻፈውን ማርሽ እየወሰዱ ለአንድ ፒያኖ የገለበጧቸው ናቸው። መጀመሪያ ያስደንቁኝ ነበር። አንድ ሰው በአሥር ጣቱ ሙሉ ባንድ ይሆናል፤ ግራ እጁ ከበሮ፣ ቀኝ እጁ መለከት። እያደር ግን ነገራቸው ገባኝና አንገሸገሸኝ። የሀንጋሪ ነው ለማለት ዜማውን ሰበር ያደርጉታል፤ የቱርክ ነው ለማለት ከላይ ያንቃጭሉበታል፤ የሩሲያ ነው ለማለት ከታች ደወል ያስጮሁበታል። ልብሱን ሲያወልቁት ውስጡ ያው ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ነው። የአገር ጠባይ የሚሉት እንግዲህ ይህንን ነው።

ባለፈው ዓመት ከገና በኋላ ባለቤቱ መጣና፣ «የኛስ? ኢትዮጵያዊ ማርሽ የለህም እንዴ? አባትህ የኔታ አይደሉ? ከሳቸው ዜማ አንድ ነገር አውጣ፤ መጥተውም ይስሙ» አለኝ።

አባቴ አሸተን ማርያም ሥር የዜማ መምህር ናቸው። ቆሎ ተማሪነቱን ትቼ ፒያኖ ልማር ስሄድ አልተቆጡም። ግን አንድም ቀን መጥተው ሰምተውኝ አያውቁም። አንዴ ብቻ ሰምተው «ይህም ሙያ ነው» ቢሉኝ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። ስለዚህ እሺ አልኩ።

ከበሮና ሽብሸባ ሲያስተምሩን፣ «ከምቱ በኋላ ጠብቅ፤ ጸናጽሉ ይግባ፤ ጉልበት ይረፍ» ይሉን ነበር። ማርሽ ደግሞ አይጠብቅም፤ ከጠበቀ ወታደሩ ይደናቀፋል። ስለዚህ ከአባቴ ዜማ አንዱን ከነከበሮ ምቱ ወስጄ ጥበቃዋን ቆርጬ ጣልኳት። በቦታዋ በግራ እጄ ድም ድም ሞላሁባት፤ ከላይ እንደ ጸናጽል የሚንሿሿ ነገር ጨመርኩና «የላስታ ማርሽ» ብዬ ጻፍኩበት። ያኔ ኮርቼ ነበር። ለአባቴ የምጫወተው ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ራሳቸው እንዲያውቁት ፈልጌ ነው።

በተባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በመቋሚያቸው እየተደገፉ ቁልቁለቱን ወርደው መጡ። ባለቤቱ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ለፈለፈና እንግዶቹ አጨበጨቡ። ወንበር ቢሰጣቸውም አባቴ አልቀመጥም ብለው ቆሙ።

ጀመርኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ቀና ብል አባቴ ያሸበሽባሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ልጄ በሰው ፊት ብቻውን አይሁን ብለው ነው። ወደ ግራ ዘንበል ይሉና ጉልበታቸው ሊያርፍ ሲል የሚያርፍበትን ቦታ እኔ ቆርጬዋለሁ። ቀጣዩ ምት ይቀድማቸዋል፤ መቋሚያው አየር ላይ ይቀራል። እንደገና ይጀምራሉ፣ እንደገና ያመልጣቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በማሕሌት የቆሙ ሰው እንደ ጀማሪ ተንገዳገዱ። እንግዶቹ ፈገግ እያሉ በስልካቸው ይቀርጿቸዋል፤ ባለቤቱ ደግሞ በጭብጨባ ያጣድፋቸዋል።

ማቆም እችል ነበር። እጄን ማንሳት ብቻ ነበር። ግን ሁለት ገጽ ቀርቶኝ ነበርና እስከ መጨረሻው መታሁት። መጨረሻው ላይ «ፍጠን» ይላል፣ የራሴ ጽሕፈት ነው፤ ፈጠንኩ። እንደዚያን ቀን ራሴን ተጸይፌ አላውቅም።

ስሸኛቸው ዳገቱ ሥር ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ጣትህስ ደህና ይሮጣል» አሉኝ። «እኔ ነኝ ምቱን ያልያዝኩት። በሰው ፊት አሳፈርኩህ ይሆን?»

«ኧረ በጭራሽ፣ አባዬ።»

«ለመሆኑ የየት አገር ዜማ ነው?»

የርስዎ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩና፣ «የውጭ ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው ፈካ። «አዬ፣ እኔም ብያለሁ! ለዚህ ነዋ እግሬ እምቢ ያለኝ» ብለው ዳገቱን ተያያዙት።