በያየህ ጎን ያለው ቦታ

ጸሐይነሽ ከአንበሳሜ ተድራ ወረታ ስትገባ የአገኘሁሽ መቃብር ሣር አብቅሎ ነበር። ሽማግሌዎቹም «የፊቷ ሚስት ሞታበታለች፤ ልጅ አላስቀረችም፤ የምትገቢው ባዶ ቤት ነው» ብለው ነበር የላኳት። ቤቱ ግን ባዶ አልነበረም። ወተት የሚናጥበት ቅል የአገኘሁሽ ነው። የጓሮው ጌሾ የአገኘሁሽ ነው። በሩ እንኳ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረው አገኘሁሽ የጠዋት ብርሃን ይግባበት ብላ ነው። ጸሐይነሽ በወጣችና በገባች ቁጥር የሟች ፈቃድ የምትረግጥ ይመስላት ነበር።

ላሟ ደግሞ ባሰች። አገኘሁሽ ከእናቷ ቤት ይዛት የመጣች፣ ቡሪት የምትባል ዥንጉርጉር ላም ነበረች። ቡሪት ወለደች፤ የወለደቻትም ወለደች፤ ባሏ ያየህ ግን ጥጃ በመጣ ቁጥር «የአገኘሁሽ ዘር» ማለቱን አልተወም። ጸሐይነሽ ሌሎቹን ላሞች ታልባለች፤ የቡሪትን ዘር አትነካም። «የራሷ ሰው ይለባቸው» ትላለች። ያየህም ማለቢያውን ይዞ ከላሟ ሥር ይቀመጣል።

ያየህን የዚያ ዘመን የወረታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ረጅም፣ ዝግተኛ፣ ነገር የማይወድ ገበሬ ነበር፤ መሬቱ ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው ሜዳ፣ ቤቱ ከከተማው ዳር። ክፉ ሰው አልነበረም። የሟችን ስም የሚያነሳው ሚስቱን ለማቁሰል ሳይሆን አፉ ስለለመደው ነው። ለጸሐይነሽ ግን ይህ የባሰ ነበር። ሆን ብሎ ቢያደርገው ትጣላው ነበር፤ ሳያስበው ከሰው አፍ የሚወጣን ስም ምን ታደርገዋለች?

ከሁሉ የሚከነክናት ቁርባኑ ነው። ያየህና አገኘሁሽ የተጋቡት በቁርባን ነው፤ እሷ የገባችው በሰማንያ። ቆራቢ ባልና ሚስትን ሞት አይለያቸውም ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው። «በሰማይ ቤት የእሷ ነው» ትል ነበር ኋላ ስትነግረኝ። «ለእኔ የተሰጠኝ በምድር ያለው ነው። እሱንም ሙሉውን አልሰጡኝም።»

ያየህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አገኘሁሽ ወዳረፈችበት ወደ ታችኛው መቃብር ወርዶ ጥቂት ቆሞ ይመጣ ነበር። እሷ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሆና ታየዋለች። አንድ የፋሲካ ሰሞን ግን ትዕግሥቷ አለቀ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ተጣላችው፤ «ወይ እኔ ወይ መቃብሩ» አለችው። ያየህ ጠብ አይችልም። መሄዱን ተወ። እውነትም ተወ፤ እሷ ግን አላመነችውም። በየበዓሉ ማግስት ሰበብ ፈልጋ ወደ ታችኛው መቃብር ትወርድና ሣሩ ተረግጦ፣ ጭቃው የእግር ዱካ ይዞ እንደሆነ ታያለች። ዱካ አጥታ አታውቅም፤ የምታገኘው ግን የራሷን ነው። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

በሰባዎቹ አጋማሽ በአንዱ ክረምት የርብ ወንዝ ከወትሮው አልፎ ሜዳውን ዋጠው። የፎገራ ሰው ውሃ አያስደነግጠውም፤ በየዓመቱ ይመጣል፣ ደለሉን ትቶ ይሄዳል። ያን ዓመት ግን ታችኛው መቃብር ገባ። ጉድጓድ ሲቆፈር ከጉልበት ሳያልፍ ውሃ ይመነጫል፤ ሬሳ በውሃ ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ሆነ። ውሃው ሲሸሽ ማዘጋጃ ቤቱ ሕዝቡን ስብሰባ ጠራ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው፣ ደሞዝ የሚባለው፣ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እያሰመረ አስረዳ። ታችኛው መቃብር ይዘጋል፤ ከሰኔ በፊት የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈርበታል። ከላይ ካለው ደረቅ መሬት ለእያንዳንዱ አባወራ ሁለት ሰው የሚያሳርፍ ቦታ ይሰጣል። የሟቹን አፅም ማንሳት የፈለገ ያነሳል፤ የተነሳው አፅም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል። ከሁለት የተረፈ፣ ከከተማው ውጭ ጉብታው ላይ አዲስ መቃብር ተከልሎለታል። ለሙስሊሞቹም ከዚያው ጎን ለብቻቸው ተከልሏል።

አያልነህ የሚባሉ ሽማግሌ በምርኩዛቸው ተነሡ። «ጓድ ደሞዝ፥ በቁማችን መሬት አከፋፈላችሁን። አሁን ደግሞ ለሞታችን ኮታ አወጣችሁ?»

«አባባ አያልነህ፥ ለእርስዎ ገና ነው» አለ ደሞዝ።

«ምን ገና አለው። እኔ ተራ ከያዝሁ ቆየሁ፤ የሚሸኘኝ አጣሁ እንጂ።»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሳይበርድ፣ በስብሰባ ተናግሮ የማያውቀው ያየህ ብድግ አለ።

«እኔ ባለቤቴን አነሳታለሁ» አለ፤ ተቀመጠም።

ጸሐይነሽ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። «ባለቤቴ» ያለው እሷን አይደለም። ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ የያየህ፣ አንዱ የአገኘሁሽ። ለእሷ የቀረላት ጉብታው ነው፣ ከማታውቀው ሰው ጋር። በቁሙ ተካፍላው ኖራለች፤ ሲሞት ደግሞ ጭራሽ ሊወስዱባት ነው።

በማግስቱ ወደ አሲያ ሱቅ ሄደች። አሲያ የጀማል ሚስት ናት፤ ጨርቅና ጨው ይሸጣሉ። ጀማል ሐሙሲት ከተማ ሌላ ሚስት አለው። ጸሐይነሽ የሆዷን ዘርግፋ ስትጨርስ አሲያ ጨው እየሰፈረች ሳቀች።

«አንቺ በሙት ትቀኛለሽ። የእኔዋ ጣውንት ሐሙሲት ሱቅ ከፍታ ስኳር ትሸጣለች። ጀማል በሄደ ቁጥር ወፍሮ ነው የሚመጣ።»

«የአንቺዋ ታረጃለች» አለች ጸሐይነሽ። «የእኔዋ አታረጅም። እኔ ጥርሴ ይወልቃል፣ እሷ ዘላለም ሙሽራ ናት።»

አሲያ መስፈሪያውን አስቀመጠች። «እሱስ እውነትሽን ነው» አለች። ቆይታም፥ «በይ፥ ጉብታው ላይ ከመጣሽ ጎረቤት ነን። የሚለየን አጥር ነው።»

«አንቺ ከጀማል ጋር ትሆኛለሽ።»

«ማን አለሽ? ሐሙሲት ከሞተማ ዕለቱን እዚያው ነው የሚቀበር፤ የእኛ ሬሳ አይቆይም። የት እንደሚሞት አላህ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።»

አፅም የሚነሳበት ቀን ኅዳር ውስጥ ነበር። ሰው ሁሉ ንጹሕ አቡጀዲውን ይዞ ወረደ። ግን ደለሉ ሜዳውን አንድ አድርጎት ነበር፤ ሰው በምልክትነት የተወው ነገር ሁሉ ከሥሩ ተቀብሯል። ያየህ ከመቃብሩ መካከል ከቆመው ግራር ሥር ነው ብሎ ቆፈረ። ዋልካ ጭቃና ውሃ ብቻ ወጣ። በወዲህ በኩል ሞከረ፤ ካሴ የሚባል ጎልማሳ መጥቶ «አያ ያየህ፥ ይህ የአባቴ ነው፤ እባክዎ ዶማዎን ይሰብስቡ» አለው። ያየህ ዶማውን ጥሎ ቆፍሮ ባወጣው አፈር ላይ ተቀመጠ።

ጸሐይነሽ ለቆፋሪዎቹ ጠላ ይዛ ቆማለች። አገኘሁሽ የት እንዳለች ታውቃለች። ከግራሩ ሥር አይደለም፤ ከግራሩ አልፎ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቤት ማዕዘንና የግራሩ ግንድ በአንድ መስመር ገጥመው ከሚታዩበት ነው። በዓይኗ ይዛዋለች። ዝም አለች።

ቄስ ገብረማርያም ወደ ያየህ ጠጋ ብለው «ልጄ፥ ካልተገኘች በስሟ ፍትሐት እናደርሳለን። ለእግዚአብሔር አትጠፋውም» አሉት። ደሞዝም፥ አፅም ካልቀረበ ሁለተኛው ቦታ የእትየ ጸሐይነሽ እንደሆነ ተናገረ። ጸሐይነሽ ጎንበስ ብላ ጠላውን በየዋንጫው ሞላች። ያን ቀን ጠላውን የቀዳችው ደስ እያላት ነበር፤ ኋላ ስትነግረኝ አልደበቀችም።

ደስታዋ ግን ሰነበተ ማለት አይቻልም። ያየህ ፍለጋውን አልተወም። ሽምብራ የሚዘራበት እርጥበት እያለፈ፣ በሬዎቹ ቆመው፣ እሱ በየማለዳው ቀጭን ብረት ይዞ ወደ ታችኛው መቃብር ይወርዳል፤ መሬቱን እየወጋ ይውላል። መቃብሯ ላይ ከጉብታው ተሸክሞ ያመጣው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ በፎገራ ሜዳ ድንጋይ የለም፣ ብረቱ ድንጋይ ከነካ እሷ ናት ማለት ነው። ማታ ሲመጣ ስለ እሷ ብቻ ያወራል። ቀድሞ ስሟ ነበር የሚያመልጠው፤ አሁን ሙሉ ሴትዮዋ እቤት ገባች። እንዴት እንደምትስቅ፣ ወባው ሲይዛት ምን እንዳለችው፣ ጸሐይነሽ ሰምታ የማታውቀውን ሁሉ ሰማች። አንድ ቀን ደግሞ እራቱን ሳይቀምስ ትቶ፥

«መሄዴን ባልተው ኖሮ አትጠፋብኝም ነበር» አላት።

ቁጣ አልነበረበትም። በትዳራቸው ዘመን የወቀሳት ይህን አንዴ ነው።

ከብት አርቢ አገር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል፤ የሞተች ላም ቆዳዋ ይገፈፋል፣ ይረሳል። የጠፋች ላም ግን የበረቱን በር አታስዘጋም። ጸሐይነሽም ያሰበችው ይህንኑ ነው። «የሞተች ጣውንት ነበረችኝ» አለችኝ፤ «በዝምታዬ የጠፋች አደረግኋት። ከሞተችው የጠፋችው ባሰችብኝ።» ለአገኘሁሽ አዝና አልነበረም። ባሏን ከእሷ ለማስጣል ሌላ መንገድ አጣች።

በነጋታው ተከትላው ወረደች። ያየህ እንደለመደው ከግራሩ ሥር ይወጋል።

«ተው እዚያ» አለችው። «ወዲህ ና።»

ግራሩን አልፋ ሄደች፤ ወደ ደወሉ ቤት አየች፤ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ አለችና በእግሯ አሳየችው። «እዚህ ናት።»

ያየህ ብረቱን ሰደደ። ቅጭ አለ።

«በምን አወቅሽ?»

«ስትመጣ አይህ ነበር።»

«እኔ መምጣት ከተውሁ ስንት ዘመኔ።»

«አንተ ተውህ» አለች። «እኔ አልተውሁም።»

ያየህ ብዙ አያት። ከዚያ ዶማውን አነሣ።

ድንጋዩ ተነሣ፤ አፅሟ ወጣ፤ በአቡጀዲ ተጠቀለለ። ቄስ ገብረማርያም ጸሎት አደረሱ። አሁን የቀረው የቦታው ነገር ነው። ጸሐይነሽ ፊቷን አጥቁራ ከዳር ቆመች፤ ቦታዋን በገዛ አፏ እንዳጣችው ታውቃለች። ደሞዝም «እንግዲህ ሁለቱ ሞላ» ማለት ጀምሮ ነበር።

«አልሞላም» አለ ያየህ። «በእኔ ጉድጓድ አስቀምጣታለሁ። እኔ ስሞት ይከፈትና አብሬያት እገባለሁ። ጎኑ የጸሐይነሽ ነው።»

«አያ ያየህ፥ በሁለት ቦታ ሦስት ሰው?»

ያየህ ጥቅሉን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ አሳየው። «ይህች አሁን ስንት ሰው ታህላለች?»

ደሞዝ ቄሱን አየ። ቄሱ «ተወው ልጄ» አሉት። ቦታው በዚያው ጸደቀ።

አሲያ ይህን ስትሰማ እልል ልትል ደረሰች። «ይኸው፥ ጎኑን ሰጠሽ! ደስ አይልሽም?»

«ጎኑን ለእኔ፣ ጉያውን ለእሷ» አለች ጸሐይነሽ። የገዛችውን ጨው ተቀብላ ሄደች።

ያየህ ግን ብረቱን ጣለ። ሽምብራውን ዘግይቶም ቢሆን ዘራ። የአገኘሁሽ ስም ከአፉ እየራቀ ሄደ፤ ጥጃ ሲወለድ እንኳ «የእኛ» ማለት ጀመረ። ጸሐይነሽ ይህን ሁሉ ታስተውላለች፤ የቡሪትን ዘር ግን እስከ መጨረሻው አላለበችም።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ያየህ ታሞ ሞተ። ቀብሩ ላይ ነበርሁ። ከላይኛው መሬት የእሱ ጉድጓድ ሲከፈት ጥቅሉ ታየ፤ አቡጀዲው ቡናማ ሆኗል። ካሴ ነበር ከጉድጓዱ ውስጥ የቆመው። ሬሳው ሊወርድ ሲል ጸሐይነሽ ደጋፊዎቿን ገፍታ ከአፋፉ ደረሰች። የወደቀች መስሎን ደነገጥን።

«ቆይ» አለችው ካሴን። ድምፅዋ የለቀስተኛ አልነበረም። «ያቺ በየት በኩል ናት?»

ካሴ ግራ ተጋብቶ ቀና አለ። «በወዲህ፣ እትየ።»

«ወዲህ የእኔ ቦታ ነው። በእሱና በእኔ መካከል አትተኛም። ከወዲያ አድርጋት።»

ካሴ ወደ ቄስ ገብረማርያም አየ። ሽማግሌው ቄስ መስቀላቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ካሴ ጥቅሉን በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ማዶው አዛወረው።

«እዚህ ይሁን?»

«ትንሽ ራቅ።»

«ከዚህ ወዲያ ግድግዳ ነው፣ እትየ።»

ጸሐይነሽ ጎንበስ ብላ አየች፤ ያየህ በሚያርፍበት በኩል፣ ከዚያ በራሷ በኩል። «እሺ» አለች። «ይሁን እንግዲህ።» ያኔ ነው ነጠላዋን ከወገቧ አጥብቃ ደረቷን መምታት የጀመረችው።