ስልኬን ያደስኩበት እሁድ

ከቤት የወጣሁት ገና ሳይነጋ፣ የኪዳን ደወል ሳይደወል ነው። እንዲህ እንዲሆን የፈለጉት አባዬ ናቸው። ጎረቤቱ ነቅቶ "ወዴት ነው?" እያለ እንዳያደክመን ብለው ነው። ከቤታችን እስከ ሮብ ገበያ መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ያን ለት ግን የቾቄ ብርድ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ እግሬን አላንቀሳቅስ አለኝ። አባዬ ቄስ ናቸውና ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ፣ የእጅ መስቀላቸውን እንደያዙ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ታናሽ እህቴ የሺ ሻንጣዬን ተሸክማ ከኋላ ትከተለናለች፤ ታለቅሳለች፣ ደግሞ አላለቀስኩም ትላለች።

ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ አባዬ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው አንዲት ምርቃት ብቻ መረቁኝ። "ሰው አያሳጣሽ" አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ከፋኝ። የሌላ ሰው አባት ልጁን "ሀብቱን ይስጥሽ፣ በደህና ይመልስሽ" ይላል። እኔ ሰው ወደሞላበት አገር እየሄድኩ ሰው ምን ያደርግልኛል ብዬ ደብረ ማርቆስ እስክንደርስ ድረስ አኮረፍኩ።

ቤይሩት ስደርስ ገባኝ። አየር ማረፊያው ላይ አንድ ባለ ዩኒፎርም ፓስፖርቴን አገላብጦ አየና ማህተሙን መታበት። ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ፤ እሱ ግን ከጎኔ ለቆመችው ለአሠሪዬ ለማዳም ሰጣት።

"የኔ እኮ ነው" አልኩት በአማርኛ።

እሱም በአረብኛ መለሰልኝ። አንዳችን ያንዳችንን ቋንቋ ሳናውቅ በደንብ ተግባባን።

የማዳም ቤት ታሪክ ረጅም ነው፤ አረብ አገር የሠራችሁ የየራሳችሁ አላችሁና አልደግምባችሁም። ኮንትራቴን ጨርሼ ስወጣ የማዳም ልጅ አዲስ ስልክ ስለገዛ አሮጌውን ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ በየሰው ቤት እየዞርኩ እያጸዳሁ፣ ከአንድ ፎቅ ጣሪያ ላይ የተሠራች አንዲት ክፍል ተከራይቼ መኖር ጀመርኩ። ሙቀቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሸሚዜን ከገመድ አውርጄ ስለብሰው በላብ ይረጥባል። እኛ ቤት ጋቢ ደርበን እሳት ዳር የምንቀመጥበት ወር ላይ እኔ እዚህ ማራገቢያ ፊት ነኝ፣ ያውም መብራት ካለ። ላብኔ የሚሉት ነገር አላቸው፤ እርጎ መስሎኝ ጓጉቼ ቀመስኩት፣ ከእርጎነት በቀር ሁሉም አለው። ድንች ጠብሰው ደግሞ በዳቦ ጠቅልለው ይበላሉ። ድንች በዳቦ! የሮብ ገበያ ሰው ቢያይ ምን ይላል እያልኩ ብቻዬን እስቃለሁ።

እትዬ ዘርፌን ያገኘኋት በዚያ ሰሞን ነው። የመርጡለ ማርያም ሰው ናት፣ በዕድሜም ትበልጠኛለች፤ ከኔ ክፍል በታች ትኖራለች። የሰፈሩ ሀበሻ ሁሉ ጉዳይ የሷ ጉዳይ ነው። የታመመ ትጠይቃለች፣ የወለደች ታርሳለች፣ መርዶም የምታረዳ እሷ ናት። አገር ቤት ሰው ሲሞት ቤተሰብ ለልጁ አይደውልም፤ ለእትዬ ዘርፌ ነው የሚደውለው። ሰው ብቻውን መርዶ አይሰማማ። እሷ ታዲያ ሴቶቹን ትሰበስብና ጠዋት በማለዳ ነጠላ ለብሰን፣ ዳቦና ውሃ ይዘን የልጅቷን በር እናንኳኳለን። አንዴ ለአንዲት የጎንደር ልጅ ሄድን። በሩን ከፍታ ተደርድረን ስታየን ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት። "እናቴን ነው?" አለች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት በር ሲንኳኳ የምንደነግጠው ፖሊስን ብቻ ፈርተን አይደለም።

የአባዬ ድምፅ በየሳምንቱ ይመጣልኝ ነበር። የሺ ስልኳን ትሰጣቸዋለች፣ እሳቸው እንደ መስቀል ከፍ አድርገው ይዘው ይናገራሉ። "ልጄ ብርቄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ብርዱ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው። እህል ትበያለሽ ወይ?" ይሉና መጨረሻ ላይ "ሰው አያሳጣሽ" ብለው ይስላሉ። በቪዲዮ ተያይተን አናውቅም፤ የኔ ስልክ አሮጌ ስለሆነ አይችልም። ግድ አልነበረኝም። ሥራ ውዬ ስመጣ ድምፃቸውን እከፍትና ወጥ እሠራለሁ፤ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኛል።

አንድ ጊዜ፣ በጥር መሆኑ ነው፣ የመጣውን ድምፅ ስከፍት ከአባዬ ንግግር ጀርባ ዝናብ ሰማሁ። ካፊያ አይደለም፤ የክረምት ዝናብ፣ ከነበረዶው ቆርቆሮውን የሚደበድብ።

"የሺ፣ በጥር እንዲህ ይዘንባል እንዴ?" አልኳት ደውዬ።

"የቾቄ አየር ምኑ ይታወቃል፣ እታለም" አለች።

"እስቲ አባዬን አቅርቢልኝ።"

"ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ደግሞ ጆሯቸው ከብዷል፣ በስልክ አይሰሙሽም። የቀዱልሽን ስሚ።"

ሰማሁ። ደግሜ ሰማሁ። በየሳምንቱ አዲስ ይመጣልኛል፤ ግን "ሰው አያሳጣሽ" ካሉ በኋላ ያለው ሳል ያው ነው። አንዴ ደረቅ ሳል፣ ትንሽ ፀጥታ፣ ከዚያ ሌላ። ማንም ሰው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይስልም ወይ? እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ወጥ ስሠራ ግን ድምፁን መክፈት ተውኩ። ፈራሁት። ከፍቼ ካልሰማሁት ደግሞ አባዬን በር ላይ አቁሜ የተውኳቸው ይመስለኛል፤ ተነስቼ እከፍተዋለሁ።

ነገሩን ያመጣው ስልኩ ራሱ ነው። መልእክት የምንላላክበት አፕ አንድ ቀን ስከፍተው በዚህ ስልክ ላይ በቅርቡ ሥራ አቆማለሁ፣ ስልክዎን አፕዴት ያድርጉ አለኝ። አለበለዚያ አዲስ ድምፅ መቀበል ቀርቶ ያለውንም አልከፍትልሽም ማለቱ ነው። አፕዴት ካደረግሁት ግን ቪዲዮ ይችላል። ደስ አለኝ፣ ፈራሁም። ለየሺ ደወልኩላት።

"ስልኬን ላድሰው ነው። ከዚያ አባዬን በዓይኔ አያቸዋለሁ።"

 ኔትወርክ የጠፋ መስሎኝ "ሃሎ? ሃሎ?" አልኩ።

"ተይው እታለም" አለች በመጨረሻ። "ያደሱት ሁሉ ያለው ጠፋብን ይላሉ። የአባዬ ድምፅ ቢጠፋብሽስ?"

"ቢጠፋ ሌላ ይቀዱልኛላ!"



አፕዴቱን ስጀምር ስልኩ ዋይፋይ አምጪ አለኝ። ሲም ካርዴ ላይ ዳታ ሞልቻለሁ፣ እሱን አልፈልግም አለ። የአከራዬ የአቡ ጆርጅ ዋይፋይ ከኪራዩ ጋር የተስማማንበት ነበር፤ እሱ ግን የይለፍ ቃሉን ቀይሮታል። ወርጄ በሩን አንኳኳሁ።

"አቡ ጆርጅ፣ ማፊ ነት። ኢንተርኔት የለም።"

"ማፊ ከህረባ" አለኝ። መብራት የለም ማለቱ ነው።

"መብራት ሲመጣስ?"

"መብራት ሲመጣ ማፊ ማይ።" ውሃ የለም ማለቱ ነው። ውሃው ከኢንተርኔቱ ጋር ምን እንዳገናኘው ሳልጠይቀው ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። "ማፊ ደውሌ!" አለ። መንግሥትም የለም።

"እንግዲያው ኪራይም ማፊ?"

"ላ፣ ላ" አለ እጁን ፈጥኖ አውርዶ። "ኪራይ አለ።"

መንገድ ዳር ያለው ስልክ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ኮምፒውተር ላይ በኬብል ሰክቼ እጭንልሻለሁ፣ ውስጡ ያለው ግን ሊጠፋ ይችላል አለኝ። ኬብሉን ሊሰካ ሲል ስልኬን ከእጁ መነጨቅኩት። እሱም "እብድ ገበያተኛ መጣችብኝ" ብሎ ለጓደኛው ነገረው። እኔ ምን ልበለው? አባቴ እዚያ ውስጥ ናቸው ልበለው?

መላውን የነገረችኝ እትዬ ዘርፌ ናት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ክፍሌ መጥታ ተቀመጠችና "የኔን ስልክ ዋይፋይ እናደርገዋለን፣ ምን ያስጨንቅሻል" አለችኝ። ሆትስፖት ነው። የሷ ስልክ የሲም ዳታዋን ለኔ ስልክ ያካፍለዋል፤ የኔ ስልክ ደግሞ እውነተኛ ዋይፋይ ያገኘ መስሎት ይታለላል። ሁለቱን ስልኮች መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፣ ኔትወርኩ እዚያ ይሻላል። የኔውን ቻርጀር ላይ ሰካሁት፤ ባትሪው ካነሰ እንቢ ይላልና። መስመሩ ቀስ እያለ ይሞላ ጀመር።

"ይሄ ነገር ይነካዋል?" አልኳት። "ድምፁን?"

"ምኑን ይነካዋል። ቤት ሲለቀለቅ ሰው አይወጣም" አለችና አማተበች።

መስመሩ ሲሞላ ስልኩ ድርግም ብሎ ጠፋ። ጥቁር ሆነ። መስተዋቱ ላይ የኔን ፊት አየሁና ዘወር አልኩ። እትዬ ዘርፌ ከነ ነጠላዋ አጠገቤ ቆማለች።  ሲበራ መጀመሪያ ያደረግሁት የአባዬን ድምፅ መክፈት ነው። አለ። ዝናቡም አለ። "ልጄ ብርቄ፣ እንዴት ሰነበትሽ?" ሲሉ ሁለታችንም ሳቅን፣ ዕንባ ዕንባ እያለን።

ሳልውል ሳላድር የቪዲዮዋን ምልክት ነካሁ።

የሺ ቶሎ አነሳችው። እንደ ወትሮው የድምፅ ብቻ መስሏት ስልኩን ወደ ጆሮዋ ስትወስደው ጉንጯንና የቤታችንን ግድግዳ አየሁ። "ሃሎ፣ እታለም? ድምፅሽ ራቀብኝ" አለችና ልታየው ፊት ለፊቷ አመጣችው። ተያየን። ፀጉሯ ከሥሩ ተቆርጧል። ጥቁር ለብሳለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃዋለች። ከኋላዋ መደቡ አለ፤ ከመደቡ በላይ ምስማሩ ላይ የአባዬ ጥምጥም ተሰቅሏል። አባዬ በቀን ጥምጥማቸውን አውልቀው አያውቁም።

የሺ እኔ የማየውን እሷም ከስክሪኑ ጥግ ላይ አየችው። እጇ ወደ ነጠላዋ ሄደ፣ አገላብጣ ልታስተካክለው ሞከረች፣ አልሆነላትም። 

"አባዬስ?" አልኳት።

 ከእኔ ወዲያ፣ ከትከሻዬ ኋላ ያለውን ልታይ ዓይኗን አጠበበች።

"እታለም" አለች፤ "ሰው አለ አጠገብሽ?"

እትዬ ዘርፌ በስክሪኑ ከማይታየው በኩል ቆማለች። ሁሉን አይታለች። አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣች። ከስክሪኑ በታች እጄን ዘርግቼ ባለችበት አስቆምኳት።

አለ ብል የሺ እንደምትነግረኝ አውቄያለሁ። ከነገረችኝ ደግሞ ያበቃል። እዚያ ድንኳኑ የፈረሰበት፣ ሰው የተበተነበት ለቅሶ ለኔ ገና ይጀምራል። በየሳምንቱ የሚመጣልኝ ድምፅ ከዚያ ወዲያ የሙት ድምፅ ነው።

"የለም" አልኳት። "ብቻዬን ነኝ።"

የሺ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ታናሽ እህቴ ናት፣ ስዋሽ ታውቀኛለች።

"እንግዲያው ደህና ነን" አለች። "ሁላችንም ደህና ነን፣ እታለም።"

ድምፁ ዛሬም በየሳምንቱ ይመጣል። ዝናቡ አለ፣ ሳሉም አለ። "ደህና ነኝ አባዬ፣ እህል እበላለሁ" ብዬ ቀድቼ እመልሳለሁ፤ የሺ ሰምታው ይሁን አይሁን አልጠይቃትም። ስልኬ አሁን ሁሉን ይችላል፤ በቪዲዮ ግን ደውዬላት አላውቅም፣ እሷም አልደወለችልኝም።

እትዬ ዘርፌ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ግን ጠዋት በሬን ስታንኳኳ ወዲያው አልከፍትም። መጀመሪያ ከውስጥ ሆኜ "እትዬ፣ ብቻሽን ነሽ?" እላታለሁ። ብቻዬን ነኝ ስትለኝ ነው የምከፍተው።