ኮምፒውተር የሚዳብሱት ሴትዮ

ሴትዮዋ ጠዋት ጠዋት የአትክልት ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ይገባሉ። ሹራባቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ መነጽራቸው በክር ታስሯል። ከመቀመጣቸው በፊት፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው፣ የኮምፒውተሩን ጀርባ በጣታቸው ይዳብሳሉ። ሲጨርሱም ብሮውዘሩ ላይ ያዩትን ሁሉ አጥፍተው ይወጣሉ። የቤቱ ባለቤት አቧራ የሚጠየፉ እየመሰለው ለእሳቸው ሲል ኮምፒውተሮቹን በቀን አራት ጊዜ ይወለውላል፤ አምስተኛ ቢጨምር ኪቦርዱ ላይ ፊደል አይተርፍም።

ሰሞኑን ግን የሦስት ደንበኞቹ የይለፍ ቃል ተሰርቆ ሰፈሩ በሌባ ዓይን ያየዋል፤ ቤቱን ሊዘጋ ምንም አልቀረው።

ዛሬ የሴትዮዋ ጣት ኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ ቀጥ አለ። ከኪቦርዱ ገመድ ጫፍ ላይ ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር ነቀሉና በባለቤቱ መዳፍ ላይ አስቀመጡ።

«የሚጻፈውን ሁሉ የምትቀዳ ናት። ሌባህ ይቺ ናት፣ ልጄ» አሉት።

ባለቤቱ መዳፉን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አያት። ሁለት ባለሙያዎች፣ ያውም አንደኛው ከነከረባቱ፣ ሳምንት ሙሉ ፈልገው ያጧትን ነገር እኚህ ሴትዮ ዘንቢላቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ አገኟት።

«እማማ፣ እንዴት አወቁ?»

«አሁንማ አሳንሰዋታል። በእኛ ጊዜ የክብሪት ቀፎ ታህል ነበር፤ ስንደብቃት አበሳችንን ነበር የምናየው» አሉና መነጽራቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ባለቤቱ የእሱንም የይለፍ ቃል ያውቁት እንደሆነ ሊጠይቃቸው ከጀለ። መልሱን ፈራና እንደ ተማሪ እጁን አጣምሮ ከጎናቸው ቆመ።